ከምሳ በኋላ ሰባት ተኩል

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ጠዋት፣ መቐለ ሮማናት አደባባይ አጠገብ የእጅ ሰዓቴን ባትሪ ላስቀይር ቆሜ ነበር። ሰዓት ሠሪው እንደኔው ጸጉሩ የነጣ ሰው ነው። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር የመስተዋት ሣጥኑን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽሩን ሰክቶ፣ እዚያ ቦታ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ እሱም የሚያስታውስ አይመስለኝም። ባትሪውን ቀየረ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ “በሐበሻ ልሙላው ወይስ በፈረንጅ?” አለኝ። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ግን የሣጥኑን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ሰውዬው ደንግጦ በርጩማውን ለቀቀልኝና “ድሓን ዲኻ?” አለኝ፤ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። ደህና አልነበርኩም። አሁንም አይደለሁም። ይህን የምጽፈውም የፈራ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስለማይሆንለት ነው።

ከደሴ ወደ መቐለ ስመጣ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ኮሌጁ ውስጥ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ሽቦ መቀጠል፣ ሚዛን ማስተካከል፣ መምህራኑ ያነበቡትን ቁጥር መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር ሥራዬ። ያኔ ከተማዋ የጋሪ ከተማ ናት። ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮቴን ለብሼ ጋሪ ላይ ስወጣ ሚኒስትር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ከሮማናት ዝቅ ብሎ ጥግ ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ካሴት ስለሚያዞር የጋሪ ፈረሶቹ ሳይቀሩ ዜማውን ያውቁታል እያልን እንቀልድ ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል ሱቅ ነው ያለው። ባለቤቴን ጽጌን ያገኘኋት በዚያ ሰፈር ነው። ትግርኛውን እሷ አስተማረችኝ፤ ስሳሳት ቤተሰቡ ሁሉ እየሳቀ። ከሳቂዎቹ ሁሉ የምትብሰው ታናሽ እኅቷ ለተኪዳን ነበረች። እኔ ለተ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ሓወይ ነው የምትለኝ፤ ወንድሜ።

ለተ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ባሏ ኃይለ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመቐለ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ መቐለ። አንድ ቀን ቤታቸው ካርታ ስንጫወት ለተ ገና ያልተገለጠውን ካርታ እየጠራች አስቸገረችን። ኃይለ “ታጭበረብራለች” ብሎ ካርታውን ከጠረጴዛ ሥር አድርጎ ያዘ። ከጠረጴዛ ሥርም ጠራችው። እኔ ይህን እንደ ቀልድ ለዶክተር ይልማ ነገርኩት። ምነው አፌን በቆረጠው።

ዶክተር ይልማ ውጭ ተምሮ ኮሌጁ ፊዚክስ ሊያስተምር የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሹራቡን በሐሩርም የማያወልቅ፣ ሲያስብ እርሳስ የሚበላ። ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም። ውጭ አገር ሳለ የሰማው ወሬ ነበር፦ ያልታየውን የማወቅ ስጦታ፣ ካለ፣ ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም፤ በከዋክብት ሰዓት አሥራ ሦስት ተኩል ገደማ ላይ ከፍ ይላል የሚሉ ሰዎች አሉ። የከዋክብት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ፀሐይን ትተህ አንድ ኮከብ ብትከተል ኮከቡ በየቀኑ አራት ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል። በወር ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። በዓመቱ ዞሮ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ ያው ኮከብ በያው ሰዓት ከራስህ በላይ ይሆናል። ቀን በጠራራውም ያልፋሉ፤ አይታዩንም እንጂ። ያኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን እኩለ ቀን ላይ ባዶውን ሰማይ ቀና ብዬ ማየት አልወድም።

ሙከራው ተጀመረ። ከካርቶን ሃያ አምስት ካርዶች ቆርጬ አምስት ዓይነት ሥዕል ሣልኩባቸው፦ ቁልፍ፣ ዓሣ፣ ማበጠሪያ፣ ዛፍ፣ መሰላል። ዶክተሩ ከመጋረጃ ወዲያ አንድ በአንድ ይገልጣል፣ ለተ ከወዲህ ትጠራለች፣ እኔ እመዘግባለሁ። ግድግዳው ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ በፈረንጅ የተሞላ ትልቅ ሰዓት ሰቅለናል፤ የዶክተሩ ሠንጠረዥ በዚያ ስለሚሠራ መዝገቡ ላይ የሚገባው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። እጄ ላይ ያለው የኔ ሰዓት እንደማንኛውም ሰው በሐበሻ ነበር የሚሄደው። ይህን ልብ በሉልኝ። ጥቅምት ላይ ለተ የምታውቀው እኩለ ቀን ገደማ ነበር። ኅዳር ላይ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጠዋት አንድ ተኩል። ሌላ ሰዓት ላይ እንደኔና እንደናንተ ትስታለች፤ በዚያ ሰዓት ግን ዓሣውን ዓሣ፣ መሰላሉን መሰላል እያለች ስትደረድረው ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆም ነበር። አንዳንዴ ገና ሳንጀምር “እጄ ሞቋል፣ አሁን አምጡ” ትላለች። መዳፏ ከመሞቁ የተነሣ በዚያ ሰዓት ነጭ ጨርቅ መስፋት እንደማትችል፣ ላቧ እንደሚያበላሽባት ነግራናለች። ዶክተሩ “እጅ አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ሰዓት ነው” አላት። እኔም ከሱ ጋር ሆኜ ሳቅኩባት። የተማረ ሰው አጠገብ መቆም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።

በዓመቱ መስቀል መጣ። ኮሌጁ ተዘግቷል፣ ዶክተሩ ቤቱ ነው፣ እኔና ጽጌ ለተ ቤት ለምሳ ተጠርተናል። ግቢው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ከሰፈሩ ደመራ የተረፈው አመድ ሌሊት ዝናብ ጥሎበት ይሸታል። ኃይለ አዲስ የቆዳ ጃኬቱን በሙቀቱ መሀል ለብሶ፣ “መምህር፣ ብላ እንጂ፣ ካርድ አይደለም” እያለ ያጎርሰኛል። መምህር አለመሆኔን እያወቀ ነው። ከነገ ወዲያ ጭነት ይዞ ሊወጣ ነው። ምግቡ ተነሥቶ እጃችንን እየታጠብን ሳለ ለተ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ውኃው ኃይለ እጅ ላይ ፈሶ አለቀ፣ እሷ ግን እንዳዘነበለችው ቀረች። ከዚያ በቀስታ “ይህን ጉዞ ተወው። ሁለት ቀን ቆይ፤ ከዚያ ሂድ” አለችው።  ጽጌ “በይ አንቺ ደግሞ፣ በዓመት በዓል” ብላ ቆጣ አለች። እኔ የልማድ ነገር ሆኖብኝ የእጄን ሰዓት አየሁ፤ ሰባት ተኩል። ከኪሴ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።

በማግስቱ ኃይለ ቤቴ መጣ። አልቀለደም። በር ላይ እንደቆመ፣ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ “መምህር፣ ያንተ ሰዓት ምን ይላል? ያለች ጊዜ ሰዓቷ ነበር?” አለኝ። አለቃው ጭነቱን እየጠበቀበት ነው፤ በሚስቴ ሕልም ቀረሁ ማለት ለሾፌር ውርደት ነው። ግን ፈርቷል። ደብተሬን ይዤ ዶክተር ይልማ ቤት ሄድኩ። ቁጥሯን አየ፣ ሠንጠረዡን ገለጠ፣ እርሳሱን እየነከሰ ደመረና ቀነሰ፤ “ከሰዓቷ ስድስት ሰዓት ይርቃል። በዚህ ሰዓት እሷ ከማንም አትለይም” አለኝ። እየሮጥኩ ተመልሼ ለኃይለ ነገርኩት። ትከሻውን መታ መታ አድርጎኝ፣ እየሳቀ ሄደ። ስለዚያች ደቂቃ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ያረጋጋሁ መስሎኝ። ኃይለ በቀኑ ወጣ። ግራ ካሕሱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ አለው። ጃኬቱን መልሰው አመጡልን።

ከቀብሩ በኋላ ካርዶቹን አቃጠልናቸው። ዶክተሩ ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ለቆ ሄደ፣ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ፦ አጋጣሚ ነው። ሰዓቷ አልነበረም። ይህችን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ ሠላሳ ዓመት ተኛሁባት። ለተ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ አንድም ቀን ደግሞ የሚመጣ ነገር አላወራችም። ያ ስልክም ባንክም መብራትም የጠፋበት ረጅም ጊዜ ሲመጣ፣ ጽጌንም መድኃኒት አጥተን የቀበርናት ጊዜ፣ ጎረቤቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ለተ በር ላይ ይቆሙ ነበር። የጥንቱን ወሬ የሰሙ ናቸው። በሕይወት አለ ወይ፣ ይህን ብቻ ንገሪን ይላሉ። “እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ” ብላ ትመልሳቸዋለች። አንዷ እናት መሬት ላይ ተደፍታ እግሯን ስትይዝ አይቻለሁ። ለተ አብራት አለቀሰች እንጂ አፏን አልከፈተችም።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ስልክ የደወለችልኝ። ልጄ ራሄል አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ለመስቀል መጥታ ሰነበተች፤ ቅዳሜ ጠዋት ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ልትበር ትኬቷን ይዛለች። ለተ ሰላምታም አልሰጠችኝ። “ሓወይ፣ ራሄል ቅዳሜ አትሂድ። ሁለት ቀን ትቆይ” አለችኝና ዘጋችው።  ቃሉ ያው ነው፤ ሁለት ቀን። ለራሄል ሳወራላት ሣቀች፣ ግን ሣቋ ቶሎ አለቀ። እኔም ማታውን ራሴን አባበልኩ። ያኔም እኮ እንዲሁ ብላ ሰዓቷ አልነበረም፤ አሮጊት ናት፣ ትፈራለች፣ በቃ። እንዲህ እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዓርብ ጠዋት ሰዓት ሠሪው “በሐበሻ ልሙላው ወይስ በፈረንጅ?” አለኝ።

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ከአልጋ ሥር የብረት ሣጥኑን ጎትቼ ደብተሩን አወጣሁ። የራሴ ጽሑፍ ነው፣ ያኔ እጄ ያምር ነበር፦ “መስቀል፣ ለተ ቤት፣ ከምሳ በኋላ፣ 7፡30።” ከምሳ በኋላ። በፈረንጅ ሰባት ተኩል ላይ ማን ምሳ ይበላል? እኔ በእጄ ሰዓት በሐበሻ ጻፍኩ፣ ዶክተሩ እንደ ግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ አነበበው፤ ስድስት ሰዓት የራቀችው እሷ ሳትሆን እኛ ነን። ቃሉ እዚያው ተጽፎ፣ ሁለታችንም እያየነው፣ ቁጥሯን ብቻ አነበብን።  ጣቴን እየቆጠርኩ ሠራሁት፤ መስከረም አሥራ ሰባት ላይ ሰባት ተኩል ልክ የኮከቧ ሰዓት ነው። ከዚያ የማልፈልገውን አደረግኩ። ስልኬን አውጥቼ የሐሙሱን ጥሪ አየሁ። ከመስቀል አሥራ አንድ ቀን አልፏል፤ በቀን አራት ደቂቃ፣ አርባ አራት ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ከአርባ ስድስት መሆን አለበት። የደወለችው በሐበሻ ስድስት ከአርባ አራት ላይ ነው። አባቴ “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” ይል ነበር።  ሠላሳ ዓመት፣ ሰዓቷ አልነበረም ለማለት፣ የኮከቡ ነገር እውነት እንዲሆን ስመኝ ኖሬ፣ ያን ቀን ውሸት እንዲሆን ተንበርክኬ ለመንኩ።

ለተ የምትኖረው ሓወልቲ አካባቢ ነው፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ ያው የድሮ ቤቷ። ስደርስ የተማሪ ኮሌታ እየቀደደች አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ አሁን ክሩን መርፌ ውስጥ የሚሰካላት ልጅ ካልተገኘ አትሰፋም። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግቼ፣ ይኸውልሽ፣ ሰዓትሽ ነበር፣ ኃይለን የሸኘሁት እኔ ነኝ አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። ለተ ደብተሩን አላየችውም። መቀሱን አስቀመጠች፣ ክሩን ከቀሚሷ ላይ ለቀመች።

“አውቃለሁ፣ ሓወይ” አለች።

“ምኑን?”

“ሰዓቴ እንደነበረ። ያን ቀን ማንቆርቆሪያውን መያዝ አቅቶኝ ነበር፤ እጄ እሳት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ኃይለ ሲመጣ፣ ዶክተሩ አይደለም አለ ስለው፣ ለምን...”

“ኃይለ የጠየቀው አንተን ነው” አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እኔን አልጠየቀኝም። ሰዓት ያለው አንተ ዘንድ ነው፣ መዝገብ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ከናንተ ቤት ተመልሶ ሲገባ እየሳቀ ነበር። ያን ሣቅ አይቼ ምን ልበለው? እኔም ለራሴ፣ የተማሩት ካሉ ልክ ናቸው፣ እጄ ነው የተሳሳተው አልኩ። ማመን ፈልጌ ነበር። ሚስቱ ነኝ እኮ።”

 ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። እኔ ማልቀሴን ያወቅኩት ደብተሩ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። እሷ “ኣጆኻ፣ ኣጆኻ” እያለች ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፤ አይዞህ ማለቷ ነው፣ እኔን። ልቤ ሲመለስ ዋናውን ጠየቅኳት። ሐሙስ ዕለት ስትደውይልኝ እጅሽ ሞቆ ነበር ወይ? መዳፏን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። “ካረጀሁ ወዲህ አይሞቅም” አለች። “ሰዓቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከላይ ይምጣ ከሆዴ ይምጣ አላውቅም። የማውቀው ልጅቷ ሻንጣዋን ስትዘጋ በዓይኔ መጥቶ መፍራቴን ነው። ኃይለን ያልኩትን ቃል ለሷም ሳልል ብቀርስ ብዬ ደወልኩ።”

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ራሄል ናት። የት ጠፋህ ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “አባ፣ ሓትኖይ ያን ነገር ያለችው ግን በስንት ሰዓት ነበር?” አለችኝ። ሓትኖ የእናት እኅት ናት። ልጄ አካውንታንት ናት፤ በኮከብ አታምንም። ግን በኔ ቤት ያደገች ናት፣ ነገር ሁሉ በስንት ሰዓት ተብሎ በሚጠየቅበት ቤት። በር ላይ ቆሞ ቆቡን የሚያሽከረክረው ኃይለ ዓይኔ ላይ መጣ። ስድስት ከአርባ አራት ልላት ምላሴ ላይ ደርሷል። ብነግራት ትሠራዋለች፣ ደምራ ቀንሳ ወይ ትስቃለች ወይ ትደነግጣለች፤ ከሁለቱ የቱ ትክክል እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። “ሰዓቱን ተይው፣ ልጄ” አልኳት። “እሷው እዚህ አለች። ራሷን ጠይቂያት።” ስልኩን ለለተ ሰጥቼ ግቢ ወጣሁ። በትግርኛ ለረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም።

ራሄል ትኬቷን አስቀየረች፣ እየተነጫነጨች። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዬ ተነሥቼ ግቢው መሀል ቆሜ ጠበቅኩ። አውሮፕላኑ በኲሓ በኩል ተነሥቶ ሲያልፍ ድምፁን ሰማሁ። ውስጡ የሌሎች ሰዎች ልጆች አሉ፤ ለነሱ ለማን ልደውል? አዲስ አበባ ደረሰ እስኪባል ድረስ ውኃ እንኳ አልጠጣሁም። በሰላም ደረሰ። ራሄልም ሰኞ ሄደች፣ እሷም በሰላም ደረሰች፤ ማታ ደውላ “አየህ አባ፣ ምንም አልነበረም” ብላ ሳቀችብኝ። ሰዓት ሠሪውም የእጄን ሰዓት በሐበሻ ሞልቶ ሰጥቶኛል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ እጅጌዬን ጎትቼ እሸፍነዋለሁ። ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ዶክተር ይልማ ቢሰማ እርሳሱን እየነከሰ ምንም አልተረጋገጠም ይለኝ ነበር፤ ልክ ነው። ኃይለም ያኔ ሁለት ቀን ቆይቶ ቢሄድ ኖሮ ምንም አይረጋገጥም ነበር፤ በየመስቀሉ ምሳ ላይ እያጎረሰኝ ይስቅብን ነበር።